ያቺ መስመር የአንቺ አይደለችም

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለዙሀራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ነው? እኔም፣ አባቴ ሃሩንም፣ እናትዎ እማማ አሰጋሽም ከናፍቆትዎ በስተቀር በአላህ ፈቃድ በመልካም ሁኔታ ላይ እንገኛለን።

በመቀጠል ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝን ምክንያት እገልጻለሁ። እንደሚታወቀው በግብርና ጽሕፈት ቤት በሰብል ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። ሥራውን በተመለከተ ችግር የለም። ሆኖም በሪፖርት አጻጻፍ ረገድ ከቡድን መሪያችን ከአቶ ኪዳነ ማርያም ጋር መግባባት አልተቻለም። እስካሁን ሦስት ሪፖርት መልሰውብኛል። በመጨረሻው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፋጢማ፣ ስሙ ከላዩ ቢነሳ ይህ ሪፖርት ለጎረቤት ወረዳ ለወግዲም ለማሻም ይሆናል። አንቺ የት ሄደሽ ነበር?» ብለው ጻፉበት። እኔ ግን የት እንደሄድኩ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ በግልጽ አስፍሬ ነበር።

ስለሆነም ችግሩ የመሣሪያ እጥረት መሆኑን ስለተረዳሁ፣ አቅምዎ በፈቀደ መጠን አንድ ላፕቶፕ ቢልኩልኝ በማክበር እጠይቃለሁ። ካልተቻለ ጽሑፍ የሚያስተምር መጽሐፍም ይሆናል።

ኔትወርኩ እንደሚያውቁት ነው። ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ደሴ ሲደርስ የሚልክልዎ ሹፌሩ ምንይችል ነው። መልስዎንም በእሱ ስልክ ይላኩ፤ ሲመለስ ያሳየኛል።

የወንድምዎ ልጅ ፋጢማ ሃሩን


ኩዌት፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

የዓይኔ ማረፊያ ፋጢማ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ዓፍያሽን ይስጥሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ሪፖርትሽን ያሳጥረው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ቀበሌ ስብሰባ የተቀመጥሁ መሰለኝ። ስጨርስ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። አንቺ ልጅ፣ አፍሽ እኮ እንዲህ አልነበረም። ትንሽ ሆነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የአስተማሪሽን አካሄድ ሳይቀር እያስመሰልሽ ነበር የምታወሪን። የአሰጋሽ የልጅ ልጅ ሆነሽ ቃል ቸገረኝ ትያለሽ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው።

ላፕቶፕ አልልክልሽም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ግዢ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት፣ አንቺ ዲግሪ አለሽ፤ ላስተምርሽ ስል እንዳትስቂብኝ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በአማርኛ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። ሥራዬ የማዳሜን አሮጊት እናት መጠበቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዓረብኛ እሰማለሁ። አንድ ቀን ለብቻዬ ሳወራ ማንኪያ የሚለው ቃል ጠፋኝ። እንዴት እንደ ደነገጥሁ ልነግርሽ አልችልም። የቤቱ ልጆች ገና ሳይሞላ የጣሉትን ደብተር አነሣሁ። ዓረቦች ከቀኝ ነው የሚጀምሩት፤ የእነሱ መጨረሻ የእኛ መጀመሪያ ነው። እና እነሱ ባልደረሱበት በኩል ገብቼ የቀኔን መጻፍ ጀመርሁ። አሁን ዐሥራ አንደኛው ደብተር ላይ ነኝ።

አንቺም በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በፊት አምስት መስመር ጻፊ። ያየሽውን ጻፊ። ሰው የተናገረውን በገዛ አፉ ጻፊው፣ አታሳምሪለት። ያላወቅሽውን አላውቅም በዪ። ሪፖርት የምትጽፊው ለአለቃ ነው፤ ለአለቃ ሲጻፍ ሰው ይፈራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ የሌላውን ቃል ይዋሳል። ደብተርሽን ግን ማንም አያየው፤ ማንን ትፈሪያለሽ? ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልቤን አሳዝኖታል። እናቴ በመልካም ሁኔታ ላይ ትገኛለች አልሽኝ። እናቴ የጠጠር መንገድ ናት እንዴ? ዓርብ ዓርብ ብደውል ጆሮዋ አይሰማኝም፣ መስመሩም ይቆረጣል። ኮንትራቴ የሚያልቀው ግንቦት ነው። እስከዚያ እናቴን የማያት በአንቺ ዓይን ብቻ ነው፣ ፋጢማ። ስለዚህ በደንብ አሳዪኝ።

አክስትሽ ዙሀራ


መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ ለዙሀራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ክረምቱ ጭቃ ቢያደርገንም ደህና ነን፤ ለአላህ ምስጋና ይግባው።

ደብተሩን ገዛሁ። የመጀመሪያው ቀን የጻፍኩትን ልገልብጥልዎ፤ «ዛሬ የዕለቱ ተግባራት በታቀደው መሠረት ተከናውነዋል።» ማንም ለማያየው ደብተር! በማግስቱ ሳነበው አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲያው ስደነቃቀፍ ቆየሁ። አንዳንድ ቀን «ምንም አላየሁም» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ቆይቶ ግን ቀኑን ስውል «ይኼን ማታ እጽፈዋለሁ» እያልኩ ማየት ጀመርኩ። የቢሯችን ተላላኪ ፊርማ ለማስፈረም ሲገባ በሩን የሚያንኳኳው ከገባ በኋላ እንደሆነ ስድስት ወር ሙሉ ሳላስተውል ኖሬያለሁ።

እማማ አሰጋሽን ይዤልዎ መጣሁ። በገበያ ቀን አብሬያቸው ወጣሁ። ፍየል የላቸውም፣ ሊገዙም አላሰቡም፤ ግን በፍየል ተራው ከዳር እስከ ዳር የፍየሎቹን ጥርስ እየገለጡ አዩ። አንዱን «ይቺ አያት ሆናለች»፣ አንዱን «ይኼ ሆዱ በጨው ውሃ ነው የተነፋው» ሲሉ ገዢዎች ይከተሏቸው ጀመር። አንድ ነጋዴ ተናዶ «እማማ፣ ይገዛሉ ወይስ ገበያ ሊያጠፉ ነው የመጡት?» አላቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ «የለም ልጄ፣ ስትከስር ዱዓ ላደርግልህ ነው» አሉት። ነጋዴው ራሱ ሳቀ። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ደከመኝ ላለማለት ቆመው አጥር ሲያደንቁ ነበር።

አቶ ኪዳነ ማርያም አራተኛውን ሪፖርቴን ሳይመልሱ ተቀበሉኝ። አላመሰገኑኝም፤ ቀዩን እስክሪብቶ ግን ኪሳቸው ከተቱት። ላፕቶፑ ይቅር።

ልጅዎ ፋጢማ


ኩዌት፣ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋጢማዬ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አሳየሽ። ምርቃቴ ሁሉ ወደ አንቺ ይዝነብ።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሳቄን የሰማችው አሮጊቷ፣ የማዳሜ እናት፣ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ፤ የፍየሉን ነጋዴ ወሬ በዓረብኛ ነገርኋት። ከአልጋ የማትነሣ ሰው ናት፣ እስክትስል ሳቀች። «እናትሽን አምጪልኝ» አለችኝ። አጥር ሲያደንቁ ያልሽው ላይ ግን አለቀስሁ። እናቴ ናት፣ ቁርጥ እሷ። ሌላ ምንም አትላኪልኝ፣ እንዲህ ያለውን ላኪልኝ። አንቺስ ምን ልላክልሽ?

አክስትሽ ዙሀራ


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለዙሀራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

መስከረም ማብቂያ ላይ በረዶ ወረደ። ከከተማው በእግር ሦስት ሰዓት የምትርቅ ቀበሌ ተልኬ ሄድኩ። ከሩቅ ሲታይ ገብሱ የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር። ጠጋ ስል አገዳው ቆሟል፣ ፍሬው የለም። ወይዘሮ ሰገነት የሚባሉ ባል የሌላቸው ገበሬ ከአንድ ጥማድ ማሳ የተረፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አሳዩኝ። ሁለት እፍኝ አይሞላም። «ለዘር ላስቀምጠው ብል ያንሳል፣ ልብላው ብል ያሳዝነኛል» አሉኝ። በፊት ቢሆን «ከፍተኛ ጉዳት ደርሷል» ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ነጠላውንም፣ እፍኙንም፣ የተናገሩትንም ጻፍኩት፤ ከሥሩ የቀበሌዋን የዘጠና አራት አባወራ ማሳ አንድ በአንድ አስከተልኩ። አቶ ኪዳነ ማርያም ቆመው አነበቡትና አንድ ቃል ሳይቀንሱ ወደ ዞን ላኩት።

እናትዎን እማማ አሰጋሽን በተመለከተ፣ በአጠቃላይ በጥሩ የጤንነት ሁኔታ ላይ የሚገኙ ሲሆን ሰላምታቸውንም አቅርበዋል።

ልጅዎ ፋጢማ


ኩዌት፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋጢማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም።

የበረዶውን አየሁት። የወይዘሮ ሰገነት ነጠላ ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ስደርስ ቢሮ ገባሽብኝ። ያቺ መስመር የአንቺ አይደለችም። የማታውቂያትን ሴት ነጠላ ጫፍ ያየሽ ልጅ የገዛ አያትሽን «በአጠቃላይ» አልሻት።

ሦስት ዓርብ ደወልሁ። መጀመሪያ ወንድሜ ተኝታለች አለኝ። ቀጥሎ ጎረቤት ሄዳለች አለኝ። ባለፈው ዓርብ ሶላት ላይ ናት አለኝ፤ ሰዓቱ ግን የየትኛውም ሶላት ሰዓት አልነበረም። እሱን አልጠየቅሁትም፤ ሃሩን መዋሸት አያውቅበትም፣ ሲዋሽ ያሳዝነኛል።

የአገራችንን ነገር አውቃለሁ። ሰው ውጭ ሲሆን መርዶ ይደበቅለታል። ጎረቤቴ የነበረች የወሎ ልጅ አባቷ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ስጦታ ገዝታለት ስትገባ ነው የነገሯት። ኮቱን ይዛ በር ላይ ቀረች። እኔን እንዲያ አታድርጉኝ።

ደብዳቤ አትጻፊልኝ። ከደብተርሽ ላይ ስለ እናቴ የጻፍሽውን እንዳለ አንሥተሽ ላኪልኝ። ምንም ካልላክሽ ሞታለች ብዬ እቀመጣለሁ።

ዙሀራ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

በሕይወት አሉ። መጀመሪያ ይህን ይያዙ።

ደብተሩ ይኸው። ምንም አልሰረዝኩም።

መስከረም 24። እማማ ለዙህር ሶላት ውዱእ ለማድረግ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ምንይችል ተሳፋሪ አስወርዶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው፣ የአንጎላቸውን ደም ሥር ነክቶታል አለ።

መስከረም 30። ቤት ገቡ። አፋቸው ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል። ቀስ ብለው ይናገራሉ። «እጄን ሰው ሰረቀኝ» አሉ።

ጥቅምት 6። አባቴ ሰበሰበን። «ለዙሀራ ማንም እንዳይነግር። እዚያ ብቻዋን ናት። ስትሰማ ማን ይይዛታል?» አለ። አልቅሷል፤ ፊቱን ታጥቦ ነው የመጣው። እኔም ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። አሁንም ልክ መሆኑን አለመሆኑን አላውቅም።

ጥቅምት 11። ፀጉራቸውን ስቀባ «ዙሀራ፣ መጣሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እጄን ይዘው ተኙ። እስኪነቁ አልተነሳሁም፣ ቢሮ ቀረሁ።

ጥቅምት 20። ለአክስቴ ዋሸሁ። አንድ መስመር ናት። የበረዶውን ሁሉ በአንድ መቀመጫ ጽፌ ያቺን አንዲት መስመር ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀሁ።

ኅዳር 2። ሐኪሙ ዛሬ ለአባቴ ሁለተኛ ከመታቸው አይነሡም አለው። በር ላይ ሆኜ ሰማሁ።

አባቴ ይህን እንደላክኩ አያውቅም። ማታ እነግረዋለሁ። ምንይችል ደሴ ውስጥ በዛች ከምትባለው እኅቱ ቤት ሆኖ ነው የሚልክልዎ፤ ሲያነቡት አብራዎት የምትቀመጥ ወዳጅ ባውቅ ለእሷ አስቀድሜ እልክ ነበር፤ ግን ከማን ጋር እንደሆኑ እንኳ ጽፈውልን አያውቁም። እባክዎ ብቻዎን አይሁኑ።

ፋጢማ


ኩዌት፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋጢማ፣

አላህ ከእናቴ በረካ ያካፍልሽ። ብቻዬን አልነበርሁም፤ አሮጊቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብሁት። ምን እንደሆነ አልነገርኋትም፣ እጇን ግን ራሴ ላይ አደረገች።

ለማዳሜ ነገርኋት። ኮንትራቱን ካቋረጥሽ የመጨረሻው ጉርሻ የለም አለች። ይቅር አልኋት። ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው እናት አጥቤያለሁ፣ አብልቻለሁ፤ የገዛ እናቴ እጇን ስታጣ ከዚህ ጉርሻ ልጠብቅ? እሷም ወረቀቴን ልትጨርስልኝ ተነሣች። የዛሬ ሳምንት እሳፈራለሁ።

ሃሩንን እንዳትቆጪው፤ እኔም እንግዲህ የእሱ እኅት ነኝ። ወገቤ ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ቀን ጽፌላችሁ አላውቅም። «እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቡ» እያልሁ ነው የኖርሁት። አንቺ ያንን መስመር ዝም ብለሽ አለፍሽው እንጂ እሱም የእኔ አልነበረም።

እናቴን መጣች በያት። አሁን እውነት ነው።

ዙሀራ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ አሰጋሽ ልጅ፣ ለአክስቴ ለዙሀራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ለሥልጠና ትቻችሁ ደሴ ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የበረዶው ሪፖርት ወሬ ሥልጠናው ላይ ቀድሞኝ ደርሷል። ዞኑ ለገበሬዎቹ የዘር ገብስ ፈቅዷል፣ የወይዘሮ ሰገነት ስም ዝርዝሩ ላይ አለ። አሠልጣኙ ሪፖርቱን ፊት ቆሜ እንዳነብ አደረገኝ፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ጽሑፍ የት ተማርሽ እያለ ጠየቀኝ። ኩዌት ከነበረች አክስቴ አልኩ። ሳቁ፣ ቀልድ መሰላቸው። አሁን ከሠልጣኞቹ አምስቱ ደብተር ገዝተዋል። አንደኛዋ ትናንት ያመጣችው ላይ «የዕለቱ ተግባራት ተከናውነዋል» የሚል ነበር።

እርስዎ የገቡ ዕለት እማማ እርስዎንና እኔን ተራ በተራ አይተው «ሁለት ዙሀራ» ያሉት ከጆሮዬ አልጠፋም። እንዴት ናቸው? እንዳሉ ይንገሩኝ።

ፋጢማ


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋጢማ፣

ይህን ደብዳቤ የሰጠችሽ የምንይችል እኅት በዛች ናት። አጠገብሽ ትቀመጥ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዳትነሣ ለምኛታለሁ። አንቺም ተቀመጪ።

እናቴ ትናንት ከዐስር ሶላት በፊት አረፈች። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

እንዲህ ነው የሆነው። ምሳዋን ሦስት ማንኪያ አጥሚት ቀመሰች። ደጅ አውጪኝ አለችኝ፤ እኔና አባትሽ ከነፍራሿ አወጣናት። «እግሬን ፀሐይ አስገቢልኝ» አለች። ካልሲዋን አውልቄ እግሯን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ስለ ልጅነቴ አወራችኝ፤ ግማሹ አልገባኝም፣ ስትስቅ እስቅ ነበር። ከዚያ ዝም አለች። እግሯ በእጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ መጣ። ፀሐዩ የሸሸብን መስሎኝ ፍራሹን ሳብ አደረግሁት። ቀና ስል ፀሐዩ እዚያው ነበር።

አልተሠቃየችም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ እኔው ይዣት ነበርሁ። ያጠብኋትም እኔ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው እናት ያጠበው እጄ የገዛ እናቴን አጠበ። በአንቺ ነው ለዚህ የደረስሁት። ሃያ ስምንት ቀን አብሬያት ኖርሁ፤ ያቺን አንዲት መስመር አምኜ ብቀመጥ ኖሮ አንዱም አይኖረኝም ነበር።

ዛሬ ከዙህር በኋላ ጀናዛዋ ወጣ። ብንጠብቅሽ በወደድን፣ ጀናዛ ግን አይጠብቅም። አቶ ኪዳነ ማርያም ከጠዋት ጀምረው ከጎረቤት ጋር ድንኳን ሲተክሉ ዋሉ። ስላንቺ ጠየቁኝ። አልሰማችም ስላቸው አንገታቸውን ደፉ።

አባትሽ ሥልጠናዋን ትጨርስ፣ አምስት ቀን ነው የቀራት አለ። «እዚያ ማን ይይዛታል?» አለ ደግሞ። እኔም፣ ከአምስት ቀን በኋላም እናታችን ያው የሞተች ናት፣ የሚይዛትን ሰው ግን ዛሬ እናገኝላታለን አልሁት። ለዚህ ነው በዛች አጠገብሽ ያለችው። ምንይችል ነገ ጠዋት ይዞሽ ይመጣል። ሠልጣኞቹን በዚያው ተሰናበቻቸው።

ይህን ስጽፍ አባትሽ ከድንኳኑ ገብቶ ከአጠገቤ ቆመ። ይከለክለኛል ብዬ ነበር። እስክጨርስ ጠብቆ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው።

ዙሀራ

ልጄ ፋጢማ። እናቴ ሞተች። እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁት። ሌላ ቃል የለኝም፣ ነይ። አባትሽ ሃሩን።